ዋሊያስ ባንድ አሜሪካ ቀረ ወይስ ተመለሰ?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ የሚኖረው ዋሽንግተን ነው። ‹ዋሊያስ ባንድ ለሥራ አሜሪካ መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ ባንዱም በዚያው አበቃ› ይላል። አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ደግሞ ‹የምን መቅረት ነው? እኔ ከዚያ በኋላ በዋሊያስ ስንት ሌሊት ጨፍሬያለሁ› እያለ ይሟገታል። በስልክ በተገናኙ ቁጥር ክርክር ነው። ማንን ልመን? ሙላቱ አስታጥቄስ የባንዱ አባል ነበር? ለእኔ ለጀማሪዋስ ምን እንድሰማ ይመርጡልኛል?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም እመኛቸው። አባትሽ «ቀሩ» ማለቱ ልክ ነው፣ አጎትሽም አልዋሸም።

ዋሊያስ በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካን ሊዞር ሄደ። ሥራው ሲያልቅ አራቱ እዚያው ቀሩ፦ ኪቦርድ ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ፣ ፒያኒስትና አቀናባሪው ግርማ በየነ፣ ሳክስፎኒስቱ ሞገስ ሀብቴ እና ቤዝ ጊታሪስቱ መላከ ገብሬ። አገር ቤት ከገቡት መካከል ትራምፔት ነፊው ዮሐንስ ተኮላና ድራመሩ ተማረ ሐረጉ ባንዱን መልሰው አቋቋሙት። በዚያው ስም እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ሠሩ። እንግዲህ አባትሽ የሚያውቀው የቀሩትን ነው፤ አጎትሽ የጨፈረው በተመለሱት።

አጭሩ መልስ ይህ ነው። ግን እንዲህ ብለሽ ብትነግሪያቸው ክርክሩ የሚበርድ አይመስለኝም። ሌላ ርዕስ ያነሳሉ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ በደንብ ልጻፍልሽ።

አስቀድሜ ስለ ዓመቶቹ አንድ ነገር ልበል። እዚህ የምጠራቸው ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ዋሊያስ የሚነሳው ጭቅጭቅ አብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ስለሆነ ነው የምነግርሽ። «ቼ በለው» የተባለው ዝነኛ ሸክላቸው የወጣው በ1977 ነው፤ በእኛ 1969 ገደማ መሆኑ ነው። አንዱ «የስልሳ ዘጠኝ ሸክላ ነው» ይላል። ሌላው ይህን ሰምቶ በንጉሡ ዘመን የተቀረጸ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ዋሊያስ ለዓመታት የሠራበት ሒልተን ሆቴል የተከፈተው በፈረንጆቹ 1969 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲደባለቁ ባንዱ ሆቴሉ በተመረቀ ዕለት ሸክላ ያሳተመ ይመስላል! ስምንት ዓመት ዘፍ ብሎ ጠፋ ማለት ነው፤ አብዮቱም አብሮ።

አሁን ወደ አመሠራረቱ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያ ዘመን ሙዚቀኛ ማለት ተቀጣሪ ማለት ነበር። ትልልቆቹ ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ናቸው፦ የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ፣ የጦር ሠራዊት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር። መሣሪያው የተቋሙ፣ የደንብ ልብሱ የተቋሙ፣ ዘፋኙም የተቋሙ። ኃይሉ መርጊያ ራሱ ደብረ ብርሃን ተወልዶ፣ አዲስ አበባ አድጎ፣ ገና በልጅነቱ ሙዚቃን የጀመረው በጦር ሠራዊት ውስጥ ነው። አኮርዲዮኑንም የለመደው በዚያ ዕድሜ ነው። በኋላ የምሽት ክበቦች ሲበዙ ቀጣሪው ከመንግሥት ወደ ግለሰብ ተቀየረ እንጂ ነገሩ ያው ነበር። ክበቡ መሣሪያ ይገዛል፣ ተጫዋች ይቀጥራል። ተጫዋቹ ከባለቤቱ ጋር ካልተስማማ ጊታሩን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ባዶ እጁን ይወጣል።

የዋሊያስ መሥራቾችም ቬነስ የሚባል ክበብ ውስጥ እንዲህ ነበር የሚሠሩት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከዚያ ሲወጡ ግን የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ።

ይህችን ነገር ሰው ቶሎ አልፏት ይሄዳል። ለእኔ ግን ከ«ቼ በለው»ም፣ ከአሜሪካውም ጉዞ የምትበልጥ ናት። የራሱ ኦርጋንና ማጉያ ያለው ባንድ ሲከፋው ጭኖ መሄድ ይችላል። የፈለገውን ዘፋኝ ያጅባል። ሲፈልግ ደግሞ ያለ ዘፋኝ ይጫወታል። ስሙም የክበቡ አይደለም፤ የራሱ ነው። ለዚህ ነው በ1981 ግማሹ ባሕር ማዶ ቀርቶ እንኳ የተመለሱት «እኛ ዋሊያስ ነን» ለማለት ማንንም ማስፈቀድ ያላስፈለጋቸው። በክበብ ስም የሚጠራ ባንድ ቢሆን ኖሮ አጎትሽ የሚጨፍርበት ዋሊያስ ባልነበረ።

ሒልተን ላይ ሥራቸው የሁለት ፈረቃ ያህል ነበር ማለት ይቻላል። እራት ላይ ለስላሳው ነገር ይሄዳል፤ እንግዳው ዲፕሎማት ነው፣ ነጋዴ ነው፣ የውጭ ሰው ነው፤ እያወራ ይበላል። መሸት ሲል ጭፈራው ይመጣል። እነሱ ራሳቸው የሚሰሟቸውን የአሜሪካ ሙዚቀኞች በጨዋታቸው ውስጥ ታገኛለሽ፦ ኪንግ ከርቲስ፣ ጁኒየር ዎከር፣ የጄምስ ብራውኑ ሳክስፎኒስት ማሲዮ ፓርከር። የሞገስ ሀብቴን ሳክስፎን ስትሰሚ ያንን ፈንክ የሚባል የጥቁር አሜሪካውያን የጭፈራ ምት ትለይዋለሽ። ዜማው ግን የእኛው ቅኝት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ። ወጣቶች ሲነገራቸው የማያምኑት አንድ ነገር አለ። ሰዓት እላፊው የምሽቱን ሕይወት ጨርሶ አልገደለውም። ሰው ከመሸ ወደ ቤቱ መሄድ ስለማይችል በሩ ይዘጋና እስኪነጋ እዚያው ይቆያል። ባንዱም አብሮ ያድራል፣ ሲጫወት ያድራል። አጎትሽ «ስንት ሌሊት» ያለው ሌሊቱን ሙሉ ማለቱ ነው እንጂ እያጋነነ አይደለም። ረጅም፣ የማይቸኩል፣ እየተመላለሰ የሚሽከረከር የዋሊያስ አጨዋወት ከዚህ ኑሮ ጋር ይሄዳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ወለሉን የሚይዝ ባንድ ምን ያስቸኩለዋል?

«ቼ በለው» በዚህ ዘመን ነው የተቀረጸው። ያሳተመው ካይፋ ሪከርድስ ነው፤ ባለቤቱ አሊ አብደላ ካይፋ፣ ብዙ ሰው አሊ ታንጎ ብሎ የሚያውቀው። ሸክላው ከጫፍ እስከ ጫፍ በመሣሪያ ብቻ ነው፣ ድምፃዊ የለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሙሉ አልበም በጣት የሚቆጠር ነው። የዘፋኙን ቦታ የያዘው የኃይሉ ኦርጋን ነው፤ ግጥሙ ቢኖር ኖሮ የሚዘፈነውን መስመር ኦርጋኑ ይዘፍነዋል። «ደርግ የግጥም ሳንሱር ስለነበረው ነው ያለ ዘፈን የሠሩት» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ግጥም ሳንሱር ማለፍ ነበረበት። እኔ ግን ዋናው ምክንያት አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች ሳንሱሩ ሳይጠነክርም በፊት ለእራት እንግዶች ያለ ዘፋኝ ሲጫወቱ የኖሩ ናቸው። የለመዱትን ነው የቀረጹት።

የሙላቱን ጥያቄ እዚህ ልመልስልሽ። የለም፣ አባል አልነበረም። «ቼ በለው» ላይ ቫይብራፎን የተጫወተው እሱ ነው፤ ግን እንግዳ ሆኖ። ሙላቱ የራሱ መንገድ የነበረው ሰው ነው። ጅማ ተወልዶ፣ እንግሊዝ ተምሮ፣ ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ገብቶ፣ በ1972 «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ኒው ዮርክ ያስቀረጸ፣ የአሜሪካው የጃዝ ሊቅ ዱክ ኤሊንግተን በ1973 አዲስ አበባ ሲመጣ አብሮት የሠራ። ግራ መጋባቱ የመጣው ከኋላ ነው። በ2005 ዜማዎቹ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ውስጥ ከገቡ በኋላ ፈረንጁ የዚያን ዘመን ሙዚቃ ሁሉ «ኢትዮ ጃዝ» እያለ በሙላቱ ስም መጥራት ጀመረ። ሸክላ ነጋዴውም ስሙ ስለሚያሸጥ ያጎላዋል። «የሙላቱ ዋሊያስ» የሚል ጽሑፍ ካየሽ በትህትና እለፊው።

ሌላም የሚምታታ አለ። አባትሽ ከያዘው ቀጥሎ በብዛት የምሰማው ስሕተት ይህ ነው፦ ዋሊያስንና አይቤክስን አንድ ማድረግ። ስማቸው ያው የሰሜኑ ተራራ እንስሳ ስለሆነ አይፈረድም። ግን ሁለት ባንዶች ናቸው። አይቤክስ ከቤዝ ጊታሪስቱ ጆቫኒ ሪኮና ከጊታሪስቱ ሰላም ሥዩም ጋር የምናውቀው፣ ራስ ሆቴል ይጫወት የነበረው ባንድ ነው። የማሕሙድን «እረ መላ መላ» በ1975 ያጀበው እሱ ነው፣ በኋላም ሮሃ ባንድ ሆነ። የካሴት ዘመንን ሮሃ ነው የገዛው፤ የሰማኒያዎቹን ካሴት ያላጀበው ማን አለ! ማሕሙድ ከአይቤክስ ጋር ሸክላ አሳተመ፣ ከዋሊያስ ጋር አሜሪካ ዞረ። ያሳተመላቸውም ያው ካይፋ ነው። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ሰው ቢሳሳት አይገርምም። ዛሬ ደግሞ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድኑም ዋሊያዎቹ ስለሚባል ስሙን ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊ መጀመሪያ የሚመጣልሽ የጨዋታ ውጤት ነው። እሱን ዝለይው፤ አብዛኛውን ጊዜ ደስ የሚል ዜና አይደለም።

ወደ 1981 እንመለስ። ዋሊያስ አሜሪካ ከዘለቁት የኢትዮጵያ ዘመናዊ ባንዶች ፋና ወጊው ነው። ጉዞው የመንግሥት የባህል ቡድን ጉዞ አልነበረም። ይህን ከ«ሕዝብ ለሕዝብ» ጋር የሚያደባልቁት አሉ፤ ያኛው በ1987 ነው፣ የመንግሥት ዝግጅት ነው። በ1981 አዳራሹን የሞላው ግን አብዛኛው ስደተኛ ሐበሻ ነበር። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ወጥቶ፣ ከሱዳን ካምፕና ከሌላም ቦታ ወገን ገና መግባት የጀመረበት ጊዜ ነው። አገሩን ጥሎ ከወጣ ጥቂት ጊዜ የሆነው ሰው ማሕሙድን ከነባንዱ በአካል ሲያይ ምን እንደሚሆን አባትሽን ጠይቂው። ከዚያ አዳራሾች አንዱ ውስጥ ነበረ ብዬ እጠረጥራለሁ፤ «መጥተው ቀሩ» የሚለው አነጋገሩ የዓይን ምስክር ይመስላል።

አራቱ ለምን ቀሩ? ብዙ ምርምር አይጠይቅም። የመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዘመን ነው፤ ቀይ ሽብር ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነው፤ ከአገር መውጫ ፈቃድ ማግኘት ራሱ ዕድል ነበር። ያንን ዕድል ያገኘ ሁሉ ይመለስ አይመለስ እያሰላ ነው የሚሳፈረው። የተመለሱትም አገር ቤት ቤተሰብ አላቸው፣ ሥራ አላቸው፣ ስም አላቸው። አንዱን ወገን ከሃዲ፣ ሌላውን ሞኝ የሚያደርግ ወሬ ሲወራ እሰማለሁ፤ እኔ አልወደውም።

የቀሩት ዋሽንግተን አካባቢ ዙላ ባንድ ብለው ሠሩ። ስሙን ቀየሩት እንጂ ዋሊያስ ብለው አልቀጠሉም፣ ይህንንም ልብ በይልኝ። ስለዚህ ከ1981 በኋላ በዚያ ስም ይጠራ የነበረው ባንድ አዲስ አበባ ያለው ነው። በዚህች ነጥብ አጎትሽ ትንሽ ይበልጣል፤ ግን እንዳትነግሪው።

አዲስ አበባ የነበረው ክፍል እስከ ደርግ መጨረሻና ከዚያም ጥቂት እልፍ ብሎ ሠራ። የፈረንጅ ሸክላ ሰብሳቢ ይህን ምዕራፍ አያውቀውም። ለምን ብትይ፣ በዚያን ጊዜ ሸክላ ማሳተም ቀርቶ ሁሉ ነገር ካሴት ሆኗል፤ ሰብሳቢውም የሚያሳድደው ሸክላ ነው። «ዋሊያስ በ1981 አበቃ» የሚለው ወሬ የበረታው ከዚህ የተነሳ ነው ባይ ነኝ። አጎትሽን የመሰሉ ሰዎች ትዝታቸውን ካልጻፉት ያ አሥር ዓመት እንዲሁ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ስልኩን ሲያነሳ ክርክሩን ተዪና ማን ይጫወት እንደነበር፣ ማን ይዘፍን እንደነበር፣ የት አዳራሽ እንደነበር ጠይቀሽ ቅጂው። ምን ዓይነት ሀብት እንደሆነ ቆይተሽ ታውቂዋለሽ።

የቀሩት ሰዎች ታሪክ ደግሞ በጣም ተነግሯል፣ በተለይ የኃይሉ። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አንድ ካሴት ሠራ። የልጅነቱን አኮርዲዮን አወጣና በሙግ ሲንተሳይዘር፣ በሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ በያማሃ ዲኤክስ ሰባት ኪቦርድና በድራም ማሽን ላይ አኖረው። «ሸሞንሟናዬ» እዚያ ውስጥ ነው። አገር ቤት በደንብ ተሰማ። ከዚያ ዓመታት አለፉ፣ መድረክ ተወ፣ ታክሲ መንዳት ጀመረ። ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቀ ከመኪናው ኪቦርድ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ፣ «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» የሚል ማሳተሚያ ያለው አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያችን ካሴት ገዛ። ሰማት፣ ደነገጠ፣ ፈልጎ ደወለለት። በ2013 እንደገና ታተመች። ኃይሉ ከዚያ ወዲያ አውሮፓና አሜሪካን እየዞረ ነው፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፣ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ።

ይህ ታሪክ ሲተረክ «የተረሳው ታክሲ ነጂ ተገኘ» ተብሎ ነው። ጥሩ ርዕስ ነው፣ ግን ትንሽ ያናድደኛል። ለማን ነው የጠፋው? ባሕር ዳር ካሴቱ እየተሸጠ ነበር እኮ።

ግርማ በየነን ግን እኔ ራሴ አስቀድመዋለሁ። ከዋሊያስ በፊት በስልሳዎቹ መጨረሻና በሰባዎቹ መጀመሪያ የስንቱን ዘፋኝ ሸክላ ያቀናበረ ሰው ነው። ራሱ የዘፈነው ጥቂት ነው፤ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ከነዚያ አንዷ ናት። «ቼ በለው» ላይ ያለችው «ሙዚቃዊ ስልት» የእሱ ድርሰት ናት። አሜሪካ ለረጅም ጊዜ ከሙዚቃ ርቆ ኖረ፤ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በ2017 አካለ ውቤ ከሚባለው የፓሪስ ባንድ ጋር የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሚያሳትመው በኢትዮፒክስ ተከታታይ 30ኛው ቁጥር ላይ ሙሉ አልበም ይዞ መጣ። ድምፁ አርጅቷል፤ እርጅናው ግን ያምርበታል።

«ሙዚቃዊ ስልት» የሄደችበት መንገድ ደግሞ ጉድ ነው። በ1998 ኒው ዮርክ ውስጥ ዘ ዳክታሪስ የሚባሉ ልጆች «የሰባዎቹ የናይጄሪያ ባንድ ነን» የሚያስመስል አልበም አወጡ። ናይጄሪያዊ ባንድ አልነበሩም፤ ዘመኑም ሰባዎቹ አልነበረም። የተጫወቱት ደግሞ የአዲስ አበባዋን «ሙዚቃዊ ስልት» ነው! የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራም በ2000 በወጣው አልበሙ ተጫውቷታል፤ በ2004 አዲስ አበባ ድረስም መጥቶ ሠርቷል። ዛሬ የትም ከተማ የፈንክ ባንድ ስታዪ ይህችን ዜማ የመቻሉ ዕድል ሰፊ ነው። አብዛኞቹ ግን የግርማን ስም አያውቁም።

ምን ልስማ ላልሽው፣ ከ«ሙዚቃዊ ስልት» ጀምሪ። የመጀመሪያዋን ጊዜ ቤዙን ብቻ ተከተይ፤ መላከ ገብሬ ነው። ሁለተኛ ስትሰሚ የትንፋሽ መሣሪያዎቹን። ከዚያ «ቼ በለው»ን ሙሉውን። በ2014 እንደገና ስለታተመ በቀላሉ ይገኛል፤ የ1977ቱን ዋናውን ሸክላ ግን አትመኚው፣ ሰብሳቢዎች በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው የሚጠሩበት። ቤት ውስጥ ካለ አባትሽ እንዳይሸጠው ንገሪው። ቀጥለሽ «ትዝታ»ን ስሚ፤ ከ«ቼ በለው» በፊት በካሴት የወጣ ነው፣ በ2021 ታትሟል፣ ኦርጋኑ እዚያ ይበልጥ ለብቻው ይሰማል። «ወደ ሐረር ጉዞ»ም የኃይሉ ነው፣ ግን ያጀበው ዳህላክ ባንድ ነው እንጂ ዋሊያስ አይደለም። ይህን ለአባትሽና ለአጎትሽ ስትነግሪያቸው አዲስ ክርክር እንደሚነሳ አውቃለሁ። ሲነሳ ጻፊልኝ።